ምጽዋና አካባቢዋ፤ ለጎብኚና ለነዋሪ የሚጠቅም ትምህርት

ምጽዋ በቀይ ባሕር ምዕራባዊ ዳርቻ የምትገኝ የኤርትራ ወደብ ናት። ጥንታዊ ስሟ ባጽዕ ነው። ከአስመራ በመኪና መንገድ 115 ኪሎ ሜትር ያህል ትርቃለች። ወደ እርሷ የሚወርድ መንገደኛ ከ2,300 ሜትር ከፍታ ተነሥቶ፥ በጥቂት ሰዓት ውስጥ ከደጋ ወደ ወይና ደጋ፥ ከወይና ደጋ ወደ ቆላ፥ ከቆላውም ወደ ባሕር ጠረፍ ይደርሳል። ይሁን እንጂ ብዙ ሰው ከተማዪቱን የሚያውቃት በመርከብና በጭነት፥ በሙቀትና በጨው ብቻ ነው። እንግዳ መጥቶ «የሚታየው ነገር ምንድን ነው?» ብሎ ሲጠይቅ፥ በውስጧ ተወልዶ ያደገው ሰው እንኳ «ባሕሩ ነዋ!» ብሎ በአንድ ቃል ይመልሳል።

መልሱ እውነት ነው፤ ነገር ግን መብራራት አለበት። ደሴቶቹን የሠራው ባሕሩ ነው። የአሮጌዎቹ ቤቶች ድንጋይ ከባሕር የወጣ ነው። ጎብኚው ጠልቆ ሊያየው የሚመጣውም ያው የቤቶቹ ድንጋይ በሕይወት ሳለ ነው፤ ስሙም ኮራል ይባላል። ይህን የተረዳ ሰው ለእንግዳ ምን ማሳየት እንደሚገባውና ለልጆቹ ምን መጠበቅ እንደሚገባው ባንድነት ያውቃል። የዚህም ትምህርት ዓላማ ይኸው ነው። በጽሑፉ ውስጥ የሚገኙት ዓመቶች በአውሮጳ አቆጣጠር የተመለከቱ ናቸው።

፩፤ የከተማዪቱ አቀማመጥ

ምጽዋ ሦስት ክፍል አላት። አንደኛው በስተ ምሥራቅ የሚገኘው የምጽዋ ደሴት ነው፤ ወደቡና አሮጌው ከተማ በዚህ ላይ ናቸው። ሁለተኛው ጥዋለት የሚባለው ደሴት ነው፤ አሮጌው ቤተ መንግሥትና የማርያም ቤተ ክርስቲያን የሚገኙት በዚህ ነው። ሦስተኛው በየብሱ ላይ ያለው ሰፈር ሲሆን፥ ከተማዪቱ እየሰፋች የሄደችው ወደዚህ ነው።

ሁለቱ ደሴቶች እርስ በርሳቸውና ከየብሱ ጋራ የተገናኙት በባሕር ውስጥ በተደለደለ የድንጋይ መንገድ ነው። ሥራው የተሠራው ግብፆች ከተማዪቱን በያዙበት ዘመን፥ በ1870ዎቹ፥ የስዊስ ተወላጅ የሆነው ቨርነር ሙንዚንገር ገዥ በነበረበት ጊዜ ነው። ከዚያ በፊት ሰውም ዕቃም በጀልባ ይሻገር ነበር። የእምኩሉ ውሃ ወደ ደሴቶቹ እንዲሳብ የተደረገውም በዚያው ዘመን ነው። ጎብኚው በዚህ መንገድ ላይ ሲሄድ ግራና ቀኙ ባሕር ነው፤ በጠዋትና በማታ በእግር ሊሄዱበት የሚገባ ስፍራ ነው።

፪፤ ለጉብኝት የሚስማማው ወራት

የምጽዋ ሙቀት በዓመት አማካይ ወደ 30 ዲግሪ ሴንቲግሬድ ይደርሳል። ከሰኔ እስከ ነሐሴ ባለው ጊዜ ከ40 ዲግሪ ሊበልጥ ይችላል። በዚህ ወራት ያለ ግድ የሚመጣ ጎብኚ የሚያየው ነገር ጥቂት፥ የሚደክመው ድካም ብዙ ነው።

ከኅዳር እስከ መጋቢት ግን አየሩ ለስላሳ ነው። የባሕሩ ዳር ዝናብ ከደጋው ዝናብ ጋራ አይገጥምም፤ ደጋው በክረምት ሲዘንብለት ጠረፉ ደረቅ ነው፤ ደጋው በበጋ ሲደርቅ ጠረፉ ጥቂት ካፊያ ያገኛል። በዓመት የሚወርደው ዝናብ በጠቅላላው 200 ሚሊ ሜትር እንኳ አይሞላም፤ ሆኖም በምሥራቁ ቁልቁለት ላይ ሣር ለማብቀል ይበቃል። የደጋው ባለ ከብት መንጋውን ይዞ ወደ ባሕሪ የሚወርደው ከጥንት ጀምሮ በዚህ ወራት ነው። ስለዚህ ለጎብኚ የሚመረጠው ጊዜ እረኞች አስቀድመው የመረጡት ጊዜ ነው ማለት ይቻላል።

በየዕለቱም ሰዓት መምረጥ ያስፈልጋል። ከጠዋቱ 12 ሰዓት እስከ 3 ሰዓትና ከቀኑ 10 ሰዓት በኋላ ለእግር ጉዞና ለዋና የተመቸ ነው። በመካከሉ ያለው ጊዜ የጥላና የዕረፍት ነው፤ የከተማዪቱም ሕዝብ ልማድ ይህ ነው።

፫፤ ከባሕር የወጡ ቤቶች

ኮራል ድንጋይ ቢመስልም ሥራው የእንስሳት ነው። እጅግ ደቃቅ የሆኑ የባሕር ፍጥረቶች ከውሃው ኖራ እየሳቡ መኖሪያቸውን ይሠራሉ። እነርሱ ሲሞቱ ቤታቸው ይቀራል፤ በላዩም ተከታዩ ትውልድ ይሠራል። ግዙፍ ከሆኑት የኮራል ዐይነቶች ብዙዎቹ በዓመት የሚያድጉት አንድ ሳንቲ ሜትር ያህል ብቻ ነው። እንግዲህ ግማሽ ሜትር ቁመት ያለው ኮራል የሃምሳ ዓመት ሥራ መሆኑ ነው።

የጥንት ግንበኞች ይህን ድንጋይ እንደ ጡብ ጠርበው ይጠቀሙበት ነበር። ከባሕር እንደ ወጣ እርጥብ ሳለ ለመጥረብ ይመቻል፤ ሲደርቅ ይጠነክራል። ኮራሉን አቃጥለው ኖራ ያወጡና በኖራው ግድግዳውን ያያይዙታል፥ ይለስኑታል። ግድግዳው እንዳይሰነጠቅ በየደረጃው የእንጨት አግዳሚ ያስገባሉ። ድንጋዩ በውስጡ ብዙ ቀዳዳ ስላለው እርጥበቱን እየሳበ መልሶ ያስወጣዋል። በላይኛው ፎቅ ከግድግዳው ወጣ ብለው የተሠሩት፥ ወንፊት በሚመስል የእንጨት ሥራ የተሸፈኑት መስኮቶች ደግሞ ነፋሱን ያስገባሉ፤ ፀሐዩንና የመንገደኛውን ዐይን ይከለክላሉ። በሥር ያሉት ባለ ቅስት በረንዳዎች ለነጋዴውም ለአላፊውም ጥላ ይሰጣሉ። የኤሌክትሪክ ማራገቢያ ባልነበረበት ዘመን ሰው በዚህ ሙቀት ሊኖር የቻለው በዚህ ብልኃት ነው።

ቱርኮች በ1557 ምጽዋን ከያዙ በኋላ ይህ የቤት አሠራር በከተማዪቱ ጸንቶ ኖረ። በቀይ ባሕር ማዶ በጅዳ፥ በዚህም ወገን በሱዳን ሱዋኪን ተመሳሳዩ ይገኛል። በሱዋኪን የደረሰው ነገር ለምጽዋ ነዋሪ ትልቅ ትምህርት ነው። ሱዋኪን በኮራል የተገነባች የበለጸገች ወደብ ነበረች። በ1909 ፖርት ሱዳን የተባለው አዲስ ወደብ ሲከፈት ነጋዴዎቿ ወደዚያ ሄዱ፤ ቤቶቹ ባለቤት አጡ። የኮራል ቤት ደግሞ ያለ ባለቤት ብዙ አይቆይም። ጣራው ሲከፈት ውሃ ይገባል፤ እንጨቱ ይበሰብሳል፤ አግዳሚው የተሰበረ ግድግዳም ይናዳል። የሱዋኪን አሮጌ ከተማ አብዛኛው ክፍል ጦርነት ሳይነካው የፍርስራሽ ክምር ሆነ።

ምጽዋን ግን ጦርነትም የመሬት መናወጥም ነክቷታል። በ1921 የደረሰው የመሬት መናወጥ ብዙ ቤት ስለ አፈረሰ፥ ዛሬ ከሚታዩት ሕንፃዎች አያሌዎቹ ከዚያ በኋላ የተሠሩ ወይም የታደሱ ናቸው። በየካቲት 1990 በተደረገው ጦርነትና በተከታዩ የአየር ድብደባ አሮጌው ከተማ ከባድ ጉዳት ደረሰበት። ጎብኚው በጎዳናው ሲያልፍ ጣራ የሌላቸው ግድግዳዎችና በጥይት የተበሳሱ በረንዳዎች የሚያየው ስለዚህ ነው።

ሌሎች የባሕር ዳር ከተሞች የኮራል ቤቶቻቸው ምን ያህል ዋጋ እንዳላቸው አስመስክረዋል። የዛንዚባር የድንጋይ ከተማ በ2000፥ የኬንያዋ ላሙ በ2001 በዩኔስኮ የዓለም ቅርስ መዝገብ ገብተዋል። አስመራም ስለ ሕንፃዎቿ በ2017 ተመዝግባለች።

፬፤ በእግር ተዘዋውሮ የሚታይ

ለከተማው ጉብኝት አንድ ጠዋት ይበቃል። ከጥዋለት መጀመር ይሻላል። በደሴቱ ሰሜናዊ ጫፍ የሚታየው ባለ ጉልላት ቤተ መንግሥት በ1870ዎቹ መጀመሪያ ለሙንዚንገር የተሠራ ነው። ከጊዜ በኋላ፥ ኤርትራ ከኢትዮጵያ ጋራ በፌዴሬሽን በነበረችበት ከ1952 እስከ 1962 ባለው ዘመንና ከዚያም ወዲህ፥ የቀዳማዊ ኃይለ ሥላሴ የባሕር ዳር ማረፊያ ሆኖ አገልግሏል። የንጉሠ ነገሥቱ መንግሥት የባሕር ኃይልም ጦር ሰፈሩን ያቋቋመው በምጽዋ ነበር። የ1990ው ጦርነት የቤተ መንግሥቱን ጉልላት ሰብሮታል፤ ሕንፃውም የከተማዪቱ ዕድል ማስታወሻ ሆኖ ለጎብኚ ይታያል። በዚያው በጥዋለት፥ በማርያም ቤተ ክርስቲያን አቅራቢያ፥ የዚህ ጦርነት መታሰቢያ ሦስት ታንኮች በአደባባይ ቆመዋል።

ከጥዋለት ወደ ምጽዋ ደሴት ሲሻገሩ መጀመሪያ የሚታየው በ1920ዎቹ የተሠራው የኢጣልያ ባንክ ሕንፃ ነው። ከዚያ ወዲያ ጠባብ ጎዳናዎች፥ ባለ ቅስት በረንዳዎች፥ የገበያ ስፍራዎችና መስጊዶች ይቀጥላሉ። ከመስጊዶቹ መካከል የሼክ ሐነፊ መስጊድ ዕድሜው ከአምስት መቶ ዓመት እንደሚበልጥ ይነገርለታል። በወደቡ ክልል ውስጥ የሚገኘው የሰሐባ መስጊድ ደግሞ፥ በሰባተኛው መቶ ዓመት መጀመሪያ ከመካ ተሰደው ወደ አክሱም ንጉሥ የመጡት የነቢዩ መሐመድ ተከታዮች በወረዱበት ቦታ የተሠራ ነው ተብሎ በአፈ ታሪክ ይወሳል። እንግዳ ወደ ጸሎት ቤት ሲቀርብ ፈቃድ መጠየቅ፥ ጫማ ማውለቅና አለባበሱን ማስተካከል ይገባዋል። ሰውን ፎቶግራፍ ከማንሣት በፊት ማስፈቀድም እንዲሁ ነው። የወደቡ ክልል ደግሞ የሥራ ቦታ ስለ ሆነ ያለ ፈቃድ አይገባበትም።

ማታ ሲሆን የከተማው ሕዝብ ወንበር እያወጣ በበረንዳና በባሕር ዳር ይቀመጣል። ዓሣውን ከወገቡ ሰንጥቀው በርበሬ ቀብተው በሸክላ ምድጃ ውስጥ የሚጠብሱበት ልማድ ከየመን የመጣ ነው፤ ከትኩስ ቂጣ ጋራ ይበላል። በአንድ ጎዳና ላይ ትግርኛ፥ ትግረ፥ ዓረብኛ፥ ሳሆና አፋር ሲነገር መስማት ይቻላል። ይህም ከሕንፃዎቹ ያላነሰ የከተማዪቱ ሀብት ነው።

፭፤ የባሕር ዳር ጨዋታና ጥንቃቄው

ከከተማው በስተ ሰሜን በጥቂት ኪሎ ሜትር ርቀት የሚገኘው ጉርጉሱም አሸዋማና ቀስ በቀስ የሚጠልቅ ዳርቻ ስላለው ለቤተ ሰብና ለዋና ጀማሪ የተመቸ ነው። የአስመራ ሰው ለዕረፍት የሚወርደው በብዛት ወደዚህ ነው።

ከወደቡ ፊት ለፊት የሚታየው ትንሽ ደሴት ሼክ ሰይድ ነው። በዛፎቹ ምክንያት «አረንጓዴ ደሴት» ተብሎ ይጠራል። በሞተር ጀልባ ለመድረስ ጥቂት ደቂቃ ይበቃል። በጨው ውሃ ውስጥ የሚበቅለው ማንግሮቭ የተባለው ዛፍ እዚህ ይታያል። ዛፉ ሥሮቹን እንደ ካስማ ከጭቃው ወደ ላይ እያወጣ አየር ይስባል፤ የዓሣ ጫጩቶች ከትልልቅ ዓሦች የሚሸሸጉትም በእነዚህ ሥሮች መካከል ነው። በደሴቱ ዙሪያ ባለው ጥልቀት በሌለው ውሃ፥ የመጥለቂያ መነጽር ያደረገ ሰው ኮራሉንና ባለ ልዩ ልዩ ቀለም ዓሦችን ለማየት ይችላል።

ቀይ ባሕር ከሌሎች ባሕሮች ይልቅ ጨዋማ ነው። በዓለም ውቅያኖሶች በአንድ ሊትር ውሃ ውስጥ 35 ግራም ያህል ጨው ሲገኝ፥ በዚህ ወደ 40 ግራም ይደርሳል። ምክንያቱ ግልጽ ነው፤ ዓመቱን ሙሉ የሚፈስስ ወንዝ አይገባበትም፥ ከፊቱም ላይ በየዓመቱ ወደ ሁለት ሜትር የሚጠጋ ውሃ በፀሐይ ይተንናል። ይህ ጨዋማነት ዋናተኛውን ስለሚያንሳፍፈው ጀማሪው ቶሎ ይለምዳል። ነገር ግን መንሳፈፍ መዋኘት አይደለም፤ ስለዚህ ልጆች ያለ ትልቅ ሰው ጥበቃ ወደ ውሃ ሊገቡ አይገባም። የምጽዋን የጨው ማምረቻ ሥራ ያስገኘውም ይኸው ጨዋማ ውሃና ይኸው ፀሐይ ነው።

ወደ ባሕር የሚገባ ሰው የሚከተሉትን ይጠብቅ፤

ሀ) ጫማ ሳያደርግ በድንጋያማ ስፍራ አይራመድ። በጥልቀት አልባው ውሃ ውስጥ መርፌ የመሰለ እሾኽ ያላቸው ክብ የባሕር ፍጥረቶችና ድንጋይ መስሎ የሚተኛ መርዘኛ ዓሣ ይገኛሉ። በዚህ ዓሣ የተወጋ ሰው፥ የተወጋውን አካል ቆዳ በማያቃጥልና ሊታገሡት በሚቻል ሙቅ ውሃ ውስጥ ነክሮ ሳይዘገይ ወደ ሐኪም መሄድ አለበት። ሙቀቱ ሕመሙን ያበርዳል።

ለ) በኮራል ላይ አይቁም፤ በእጁም አይስበረው። በኮራል የተቆረጠ ቁስል ቶሎ ያመረቅዛል፤ የተሰበረውም ኮራል የሚተካው በብዙ ዓመት ነው።

ሐ) በጀልባ የሚሄድ ከሆነ በጠዋት ይነሣ። ከሰዓት በኋላ ነፋሱ ይበረታል፥ ማዕበሉም ይነሣል። ጀልባው ከመነሣቱ በፊት የመጠጥ ውሃና ለያንዳንዱ ተሳፋሪ ተንሳፋፊ ልብስ መኖሩን ይመልከት፤ የሚመለስበትንም ሰዓት በየብስ ላለ ሰው ይንገር።

መ) ዓሣ ለማጥመድ መንጠቆና ገመድ ይበቃል። ጀልባ የሚጥለው መልሕቅ በአሸዋ ላይ እንጂ በኮራል ላይ እንዳይሆን ለባለ ጀልባው ይነገረው።

፮፤ የዳህላክ ደሴቶች

ከምጽዋ በስተ ምሥራቅ በባሕሩ ላይ የተበተኑት የዳህላክ ደሴቶች ከመቶ በላይ ሲሆኑ፥ ሰው የሚኖርባቸው ጥቂቶቹ ናቸው። በመካከላቸው ያለው ባሕር የዔሊዎች፥ የዶልፊኖችና ዱጎንግ የተባለው የባሕር ሣር የሚበላ ግዙፍ አጥቢ እንስሳ መኖሪያ ነው። ከጥንት ጀምሮ ሉል ይወጣበት ነበር፤ ጠላቂዎቹ በአንድ ትንፋሽ ወርደው ዛጎሉን ይለቅሙ ነበር።

ከሁሉ የሚበልጠው ደሴት ዳህላክ ከቢር ነው። በዚያ በሚገኘው አሮጌ መቃብር ላይ ኩፊ በተባለው ጥንታዊ የዓረብኛ ፊደል የተቀረጹ የመቃብር ድንጋዮች አሉ፤ የመጀመሪያዎቹ ከአሥረኛው መቶ ዓመት ወዲህ ያሉ ናቸው። በመካከለኛው ዘመን በደሴቶቹ የራሱ ሱልጣን ያለው መንግሥት እንደ ነበረ የሚመሰክሩ እነርሱ ናቸው። በአለቱ ውስጥ የተቆፈሩት የዝናብ ውሃ ማጠራቀሚያዎች ደግሞ ወንዝም ምንጭም በሌለበት ምድር ሰው እንዴት እንደ ኖረ ያስረዳሉ። ናኩራ የተባለችው ደሴት በኢጣልያ የቅኝ ግዛት ዘመን ስመ ጥፉ የእስረኞች ማጎሪያ ነበረች፤ በሙቀት፥ በጥማትና በበሽታ ብዙ ሰው አልቆባታል።

ወደ ዳህላክ የሚደረግ ጉዞ እንደ ሼክ ሰይድ የአንድ ሰዓት ሽርሽር አይደለም። ፈቃድ፥ ልምድ ያለው ባለ ጀልባ፥ በቂ ነዳጅ፥ ውሃና ስንቅ ይፈልጋል። ለመቃብሩ ድንጋዮች የሚገባው ክብር ሊሰጣቸው፥ አንዱም ከቦታው ሊነሣ እንደማይገባ ለጎብኚው አስቀድሞ መንገር ያስፈልጋል።

፯፤ በየብስ የሚታዩ ስፍራዎች

ከምጽዋ ወደ አስመራ በሚወስደው መንገድ ሃያ ኪሎ ሜትር ያህል እንደ ሄዱ ዶጋሊ ይገኛል። ኢጣልያ በ1885 ምጽዋን ይዛ ወደ ደጋው መግፋት ስትጀምር፥ ራስ አሉላ ጥር 26 ቀን 1887 በዚህ ስፍራ አምስት መቶ ያህል የኢጣልያ ወታደሮችን ገጥመው ድል አደረጉ። ከወታደሮቹ የተረፉት ጥቂት ቁስለኞች ነበሩ። በኮረብታው ላይ ቆሞ መንገዱንና ደረቁን ወንዝ የሚመለከት ሰው የውጊያውን ሁኔታ ያለ ብዙ ማብራሪያ ይረዳዋል።

በከተማው መግቢያ አካባቢ ያለው እምኩሉ ለውሃው ብቻ ሳይሆን ለመጽሐፍ ታሪክም የሚታወስ ነው። የስዊድን ሚሲዮናውያን በዚያ ትምህርት ቤትና ማተሚያ ነበራቸው፤ አናሲሞስ ነሲብ ወደ ኦሮምኛ የተረጎመው አዲስ ኪዳን በ1893 የታተመው በዚያ ነው።

በስተ ደቡብ፥ በዙላ ሰላጤ አጠገብ፥ የአዱሊስ ፍርስራሽ ይገኛል። አዱሊስ የአክሱም መንግሥት ወደብ ነበረች። በመጀመሪያው መቶ ዓመት ገደማ የተጻፈ አንድ የግሪክ የባሕር መንገደኛ መጽሐፍ ከአዱሊስ እስከ አክሱም የስምንት ቀን መንገድ መሆኑን፥ የዝሆን ጥርስም በዚህ ወደብ ይወጣ እንደ ነበረ ይናገራል። ዛሬ ፍርስራሹ ከባሕሩ ርቆ በየብስ ላይ ስለ ሚገኝ፥ ወደብ መሆኑን የማያውቅ ሰው ሊያምን ይቸግረዋል። በ1868 ወደ መቅደላ የዘመተው የእንግሊዝ ጦር ከመርከብ የወረደው በዚሁ በዙላ ነበር። በፍርስራሹ ላይ የሸክላ ስባሪ ወይም ገንዘብ ያገኘ ሰው ባለበት ትቶ ለአስተዳደሩ ያስታውቅ። ያልታወቀ ብረት ያየ ሰው ደግሞ በየትኛውም ስፍራ ቢሆን እንዳይነካው ይጠንቀቅ።

የምድር ባቡሩም ራሱ የሚታይ ሥራ ነው። ከምጽዋ የተጀመረው በ1887 ሲሆን አስመራ የደረሰው በ1911 ነው። በ118 ኪሎ ሜትር መንገድ ከባሕር ወለል እስከ ደጋው ይወጣል፤ ሠላሳ ያህል ዋሻዎችና ከስልሳ በላይ ድልድዮች አሉት። በጦርነቱ ዘመን ሐዲዱ ተነቅሎ ለምሽግ ሥራ ውሎ ነበር። ከነጻነት በኋላ አረጋውያን የባቡር ሠራተኞች ተጠርተው፥ ብረቱ ከየምሽጉ ተለቅሞ፥ በ2003 መሥመሩ እስከ ምጽዋ እንደ ገና ተዘርግቷል። ባቡሩ በየትኛው ክፍልና በየትኛው ቀን እንደሚሄድ ግን ጎብኚው አስመራ ላይ አስቀድሞ ይጠይቅ። የውጭ አገር ዜጋም ከአስመራ ከመውጣቱ በፊት ስለ ጉዞ ፈቃድ ማጣራት ይገባዋል።

፰፤ የነዋሪውና የሹሙ ድርሻ

ከዚህ በላይ የተዘረዘሩት ስፍራዎች በሁለት ይከፈላሉ። እንደ ዶጋሊ ኮረብታ ያለው በቦታው ይኖራል። የኮራሉ ቤት፥ ኮራሉ ራሱና ማንግሮቩ ግን ጠባቂ ከሌላቸው ይጠፋሉ፤ ጎብኚውም የሚመጣው ይልቁን ስለ እነዚህ ነው።

ስለ ቤቶቹ ሦስት ነገር መያዝ ይበቃል። አንደኛ፥ ከሁሉ አስቀድሞ የሚጠገነው ጣራ ነው፤ ጣራ ያለው ግድግዳ ዘመን ይሻገራል። ሁለተኛ፥ አሮጌውን ግድግዳ በሲሚንቶ መለሰን ይጎዳዋል እንጂ አይጠቅመውም። ሲሚንቶ እርጥበቱንና ጨውን በውስጥ ዘግቶ ስለሚያስቀር ድንጋዩ ከውስጥ ይፈረፈራል፤ የኮራል ቤት መድኃኒቱ ኖራ ነው። ሦስተኛ፥ ከፈረሰ ቤት ድንጋይና የተቀረጸ እንጨት ለሌላ ሥራ መውሰድ ቤቱን ሁለተኛ ጊዜ ማፍረስ ነው። ድንጋዩ በቦታው ከቆየ ቤቱ አንድ ቀን ሊነሣ ይችላል፤ ከባሕር አዲስ ኮራል ማውጣት ግን ከእንግዲህ የሚቻል ነገር አይደለም፤ ባሕሩን ይጎዳልና።

ስለ ባሕሩም እንዲሁ ነው። ኮራል በብርቱ የሚፈራው ሙቀትን ነው። የባሕሩ ውሃ ከለመደው የበጋ ሙቀት በአንድ ዲግሪ ያህል በልጦ ለሳምንታት ቢቆይ፥ ኮራሉ በውስጡ የሚኖሩትንና የሚመግቡትን ደቃቅ አትክልቶች ያስወጣና ይነጣል፤ ሙቀቱ ካልበረደም ይሞታል። የዓለምን ሙቀት አንዲት ከተማ ብቻዋን ልታበርደው አትችልም። ነገር ግን በሙቀት የደከመውን ኮራል መልሕቅ እንዳይሰብረው፥ ቆሻሻና ያገለገለ ዘይት እንዳይሸፍነው ማድረግ በከተማዪቱ እጅ ነው።

የጠፋ ነገር በሥራ ሊመለስ እንደሚችል ደግሞ ምስክሩ ቅርብ ነው። ከምጽዋ በስተ ደቡብ በምትገኘው በሕርጊጎ፥ ጎርደን ሳቶ የተባለ አሜሪካዊ የሕይወት ሳይንስ ሊቅ ከአካባቢው ሰዎች ጋራ ሆኖ ማንግሮቭ ባልነበረበት ዳርቻ ማንግሮቭ አስተክሏል። ዛፉ በአንዳንድ ስፍራ ብቻ የሚበቅለው ለምን እንደ ሆነ መርምሮ፥ የዝናብ ጎርፍ ከየብስ የሚያመጣው ናይትሮጅን፥ ፎስፎረስና ብረት ስለሚያስፈልገው መሆኑን ተረዳ። እነዚህንም ንጥረ ነገሮች በትንንሽ ከረጢት አድርጎ ከችግኙ አጠገብ በመቅበር፥ ዝናብ በሌለበት ጠረፍ ብዙ መቶ ሺህ ዛፎች እንዲበቅሉ አደረገ። ቅጠሉ ለፍየልና ለበግ መኖ ሆነ፤ በሥሩም ዓሣ ተጠለለ። ችግኙን የተከሉትና የጠበቁት የሕርጊጎ ሰዎች፥ በተለይም ሴቶቹ፥ የሥራው ባለቤቶች ናቸው።

ማጠቃለያ

ምጽዋ ለጎብኚ የምታሳየው በባሕር የተሠራ ከተማና ከተማን የሚሠራ ባሕር ነው። ግንበኞቹ ሃምሳ ዓመት ያደገውን ድንጋይ ጠርበው ቤት አደረጉት፤ ቤቱ ለልጅ ልጆቻቸው ተረፈ። አሁን ያለው ትውልድ አዲስ ድንጋይ ማውጣት አይጠበቅበትም፤ የወጣውን ማቆምና በባሕሩ የቀረውን አለመንካት ይበቃዋል። ሱዋኪን ወደቧን ካጣች በኋላ ቤቶቿን አጣች። ምጽዋ መሬት ተናውጦባት፥ ቦምብ ወርዶባት፥ ወደቧም ሕዝቧም አልተለይዋትም። እንግዳው «ምን የሚታይ አለ?» ብሎ ሲጠይቅ «ባሕሩ ነዋ!» የሚለው ነዋሪ፥ እንግዳውን በእጁ ይዞ መጀመሪያ ወደ አንድ አሮጌ ግድግዳ ቢያቀርበውና በድንጋዩ ላይ የቀረውን የኮራል አበባ ቢያሳየው፥ መልሱ የተሟላ ይሆናል።

ለማስታወስ የሚረዱ ጥያቄዎች

1. የምጽዋ ሦስቱ ክፍሎች የትኞቹ ናቸው? በምንስ ተገናኙ?
2. ለጉብኝት የሚስማማው ወራት የትኛው ነው? የደጋው ባለ ከብት ልማድ ከዚህ ጋራ ምን ግንኙነት አለው?
3. የኮራል ግድግዳ በሲሚንቶ ሲለሰን የሚጎዳው ለምንድን ነው?
4. ሱዋኪን ያለ ጦርነት የፈረሰችው በምን ምክንያት ነው?
5. በሕርጊጎ ማንግሮቭ እንዲበቅል ያስቻለው ምንድን ነው?
6. በየሰፈሩ ጣራው ሊከፈት የደረሰ አሮጌ ቤት የትኛው ነው? ከዝናቡ ወራት በፊት ምን ሊደረግለት ይቻላል?